ጢሙን የተላጨው ፍየል

በደርግ ጊዜ አሰላ አስተማሪ ሳለሁ፣ ችግኝ ስለሚጨርስ ፍየል የሚተርክ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጀሁና ለማስፈቀድ ካድሬያችን ጓድ ደጀኔ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ጓድ ደጀኔ ፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ጢሙን ጠዋት ጠዋት ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሰው ነው። ፍየሉን አየና ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአብዮቱን ጢማም ፈላስፎች አየ።

«ይሄ ጢም የማን ነው?»

«የፍየሉ ነው፣ ጓድ።» መቼም ፍየልን ያለ ጢም ማን ይስላል?

«ላጨው!»

እዚያው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ በላጲስ ላጨሁት። በጣም ደስ አለው። እንዲያውም ጭላሎ ግርጌ ችግኝ በተከልን ዕለት ሥዕሉን ራሱ ከፍ አድርጎ ለተማሪዎቼ አሳየ።

«ልጆች፣ ችግኛችንን የሚጨርሰው ማነው?»

ልጆቹ ሥዕሉን አዩ፣ መለስ ብለው እሱን አዩ፣ ከዚያ በአንድ ድምፅ፦

«ጓድ ደጀኔ!»