«መጣሁ» ይሉን ነበር

ወንድ አያቴ ከቤት ሲወጡ «ሄድኩ» ብለው አያውቁም። ሱቃቸው ድረስም ይሁን ዳገቱን ወጥተው እስከ ደብረ ብርሃን፣ በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ «መጣሁ» ይሉ ነበር። «ሄድኩ የሚል ለመቅረት ያሰበ ነው» ይሉን ነበር።

አሊዩ አምባ የተወለዱት ከአገሬው ሴትና ከየመን ከመጣ ነጋዴ ነው። በአባታቸው በኩል የየመን ፓስፖርትም ነበራቸው። በደርግ ጊዜ በዚሁ ሰበብ ኢትዮጵያዊነታቸው ተሰረዘና የመንግሥት ሰዎች ከአገር ሊያስወጧቸው መጡ።

«አባት፣ ወደ አገርዎ እኮ ነው የሚሄዱት» አላቸው አንዱ።

«የመንን አንዴ አይቻታለሁ፤ እሷ ግን አላወቀችኝም» አሉት። ሰውየው ሳቁን ዋጠ።

መኪናው ላይ ሲወጡ ወደ እኛ ዞረው «መጣሁ» አሉን። ሴት አያቴም እንደ ወትሮዋ «ኢንሻ አላህ፣ ቶሎ ይምጡ» አለቻቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ስማር፣ ማንም ሰው ዜግነቱን በዘፈቀደ እንደማይነጠቅ፣ ወደ ገዛ አገሩ ከመመለስም እንደማይከለከል አነበብኩ። መምህሩ ምሳሌ ሲጠይቁን አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ያለው ነገር የሚወራበት ጊዜ አልነበረም።

ባለፈው ወር፣ ሳይመለሱ እዚያው የመን ማረፋቸውን ሰማን። አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ የጥንት ጎረቤታችን ሊሄድ ሲነሳ፣ በልማድ «መጣሁ» አለ። ሴት አያቴ ባሏ ይቀመጡበት የነበረውን መደብ እያየች፣

«ሄድኩ በል፣ ወንድሜ» አለችው። «መጣሁ ያሉኝን ገና እየጠበቅኩ ነው።»