የትነበርሽና የላንጋኖው ዓርብ

የዚያ ዓመት ግንቦት ዝናብ ያረገዘ ሰማይ በየቀኑ እያሳየ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ነው ያለፈ። ጎንደር እንዲያ ደርቃ አታውቅም ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ፤ እነሱ እንኳ በየዓመቱ እንዲሁ ነው የሚሉ። ቧንቧው ውሃ ካየ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። አውቶፓርኮ ሰፈር ቢጫው ጀሪካን መንገድ ዳር ተሰልፎ ያድራል። ሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርሽ» ማለቱን ትቶ «እናንተ ጋ መጣች?» ነበር የሚባባል። አቧራው ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት ይቆጣል።

የትነበርሽ ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ኃላፊ ትባል እንጂ ከሌሎቹ እኩል ታጥባለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የወላድ አንሶላ፣ የቁስለኛ ብርድ ልብስ፣ የሬሳ መሸፈኛ። በረኪናው ጣቶቿን ልጦ ልጦ መስመር የሚባል ነገር አላስቀረላቸውም። ለመታወቂያ አሻራ ስትሰጥ ማሽኑ አላነብ ብሎ ሦስት ጊዜ መልሷታል። «እኔ እንኳ የለሁም ማለት ነው» ብላ ስቃ ነበር የዚያን ቀን።

ባሏ ሐብተ ማርያም ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አላገኙም። የቅርብ የሥጋ ዘመድ የምትለው አዲስ አበባ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሟን በላቸውን ነው። እናታቸው በወሊድ ስትሞት ጊዜ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በትውልድ አገራቸው በዛሪማ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ጀርባዋ ላይ ይተኛ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የራሱ ልጆች ወልዶ እንኳ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውልላታል። «እታለም፣ በላሽ?» ነው መጀመሪያ የሚለው። እሷም ያችን ጥሪ ሳትሰማ እሑድ ምሳ አትቀርብም።

በዚያ ደረቅ ግንቦት ነው ወንጌላዊት ስልኳን ይዛ የመጣችው። ወንጌላዊት የዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከየትነበርሽ ግቢ ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ለስልጠና ወደ ደቡብ ሄዳ ነበርና ፎቶውን ልታሳያት ነው።

«እትዬ፣ ይችን እይልኝ እስቲ።»

«ይሄ ምንድነው? ባሕር ነው?»

«ላንጋኖ ነው፤ ሐይቅ። አሸዋው እንዴት ሸጋ መሰለሽ! እግርሽን ዋጥ ያደርገዋል።»

«ውሃው ምነው ደፈረሰ? የኔን እጣቢ ነዋ የሚመስል!»

«መልኩ ነው እትዬ፤ ንጹሕ ነው።»

የትነበርሽ ፎቶውን መለሰችላትና ደግማ ተቀበለቻት። ያስገረማት ሐይቁ አልነበረም፤ የልጅቱ እጅ ነው። ውሃ ዳር ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ባዶውን ጭኗ ላይ ጥላ፣ ዝም ብላ ታያለች።

«ታውቂያለሽ» አለቻት፣ «ከተፈጠርኩ ውሃ አጠገብ ሥራ ሳልይዝ ተቀምጬ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።»

ወንጌላዊት ቁም ነገር አደረገችው። ዓርብ ከሰዓት በአውሮፕላን አዲስ አበባ፤ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቅዳሜ ጠዋት የአክስቷ ልጅ በመኪና ያደርሳቸዋል፤ ቅዳሜን እዚያው ውለው አድረው፣ እሑድ ከሰዓት ተመልሰው ቤት። በመኪና ከጎንደር መውጣትማ በዚያ ሰሞን የሚታሰብ አልነበረም፤ መንገዱ ሰላም እንዳልነበረ የሚታወቅ ነው።

«ለሁለት ቀን ብሎ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ማነው?» አለች የትነበርሽ።

«ቀብር የሚሄድ።»

«አየሽ!»

«እኛ ደግሞ ለዋና እንሄዳለና! ቲኬቱ ምን እንደምንሠራ ይጠይቃል እንዴ?»

በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። ዕቁቡም በዚያው ሳምንት ወጥቶላት ነበር። የትነበርሽ ሁለት ሌሊት አስባ በሦስተኛው ቀን እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረች፤ ገላዬ አይታይም አለች። ወንጌላዊት አራዳ ገበያን ሱቅ ለሱቅ ዞራ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ አገኘችላት። ጥቁር ነው፤ ሌላ ቀለም የለም። ሰፊ የሰሌን ባርኔጣም ጨመረችላት።

ሰፈሩስ ምን ይባል? የስድስት ዓመት ባልቴት፣ የእድር ሴት፣ የማርያም ማኅበር ጠጪ፣ ልትዋኝ ሄደች ይባል? አጥር የምትጋራት እትዬ አየለች አንድ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ ቦርሳውን አየችው።

«ምነው የትነበርሽ፣ ቦርሳ?»

«ወንድሜ ትንሽ አሞት፣ አይቼው ልመለስ ነው እትዬ።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደነቃት።

«በላቸው? ምኑን?»

«እ… ሆዱን።»

«ሆድ!» አለች አየለች፣ ደረቷን ይዛ። «ሆድ ክፉ ነው እቴ። አባታችሁስ በሱ አይደል የሞቱ?»

የትነበርሽ ይኸን ስትሰማ ቦርሳውን አንሥታ ወደ ቤት አስገባች። አባቷ በሆድ ሕመም ሰባት ወር ተሰቃይቶ መሞቱን ረስታው አልነበረም፤ አፏ ላይ የቀደመላት ግን እሱ ሆነ። ቃሏን ልትመልሰው ፈለገች፤ እንዴት ብላ? እሑድ ስመለስ ዳነ እላለሁ ብላ ተወችው።

ወሬው ግን እሷ ባስቀመጠችው ቦታ አልቆመም። አየለች በማግስቱ ወንጌላዊት ጥቁር ልብስ በላስቲክ ጠቅልላ ስትገባ አየች። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አየች። የሰው ነገር ነውና ልጅቱን በር ላይ ጠብቃ፣ «ልጄ፣ የበላቸው ነገር እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። ወንጌላዊት ምስጢር ላለማውጣት አንገቷን ደፋችና «እባክዎ እኔን አይጠይቁኝ፤ ከራሷ ይስሙ» ብላ አለፈች።

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሰውየው አርፏል፤ እሷ አልሰማችም፤ ይች ነርስ አሞታል ብላ አታላ ልትወስዳት ነው፤ ጥቁር ልብሱን እንኳ አዘጋጅታላታለች። ይኸ ደግሞ ነውር ነው። ሰው መርዶውን የሚሰማው በቤቱ፣ በገዛ ሰዎቹ መሐል፣ ጎህ ሲቀድ ነው እንጂ ባዳ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወድቆ አይደለም። አየለች ለእድሩ ዳኛ ለአያ ነጋ ነገረች። አያ ነጋም «ሳትሄድ እንንገራት» አሉ። ሐሙስ ማታ ንፍሮ ተጣደ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የትነበርሽ ተነሥታ ነበር። መስታወት ፊት ቆማ ባርኔጣውን ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ታደርገዋለች። በሩ ሲንኳኳ ባርኔጣውን አልጋ ሥር ወርውራ ከፈተች። አሥራ ሁለት ያህል ሰው ተራ በተራ ገባ። ማንም ደህና አደርሽ አላለም።

«የትነበርሽ ልጄ፣ ተቀመጭ» አሉ አያ ነጋ። «የመጣንበትን ሳትጠረጥሪው አትቀሪም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባርኔጣውን በተረከዟ ወደ ውስጥ ገፋችው። ላንጋኖ ተሰምቷል! ሊመክሩኝ ነው፣ ወይም ከማኅበር ሊያስወጡኝ። «አያ ነጋ፣ ጥፋቴ ነው» አለች። «ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አፍሬ ነው የደበቅኋችሁ።»

«አውቃ ኖሯል!» አለች አየለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ወይኔ አንጀቷ፣ ብቻዋን ይዛው ከርማ!»

«አትሂጅ የሚልሽ የለም» ቀጠሉ አያ ነጋ። «ግን ከኛ ከወገኖችሽ ስሚው ብለን ነው። ወንድምሽ በላቸው አርፏል። እግዜር ያጽናሽ።»

ሕመሙን ራሷ እንደፈጠረችው የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ ውሸት ነው!» ይል ነበር ይሆናል። የትነበርሽ ግን አንዲት ደቂቃ አልተጠራጠረችም። አፌን ሰምቶ ወሰደው አለች። ሆዱን ብዬ፣ ሆዱን ብዬ ገደልኩት። ከወገቧ ተሰብራ ወደቀች። ተነሥታ ደረቷን መታች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ነጨችው። «እኔ ነኝ የገደልኩህ! ያዘልኩህ ጀርባዬ ይሰበር!» እያለች ስታለቅስ ቤቱ አብሮ አለቀሰ። ጀሪካኑ ተገልብጦ ለሳምንት የተቆጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አላነሣው።

ወንጌላዊት ጩኸቱን ሰምታ በሌሊት ልብሷ ሮጣ ገባች። ማን ሞተ? በላቸው። ማን አለ? ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አየለች «አንቺ ነሻ!» አለቻት። ልጅቱ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ የትነበርሽን ስልክ አንሥታ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እታለም? ምነው በጠዋት? ደህና ነሽ?»

ለቅሶው ባንድ ጊዜ ተቆረጠ። አንዲት አሮጊት አማተበች።

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ወንጌላዊት እየተንተባተበች ተናገረች፤ ላንጋኖውን፣ ልብሱን፣ ሁሉን። አየለች ቦርሳውን ከፈተችና ጥቁሩን ልብስ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ይኸ የዋና ነው?» አለች። ከበሩ አጠገብ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። አያ ነጋ «ዝም በሉ!» ብለው ተቆጡ፤ ግን ፊታቸው የአመድ ያህል ነጥቷል። በሕይወታቸው ስንት መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፣ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

«ንፍሮው ምን ይሁን?» አለች አንዷ ከጓሮ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። በላቸው ሁሉንም ሰምቷል።

«እታለም፣ ታመመ ያልሽ እኔን ነው?»

«በላቸው፣ ወንድሜ…»

«ምኔን?»

«ሆድህን።»

«የአባታችንን?» አለ። «ለዋና ብለሽ? ሌላ በሽታ አጣሽልኝ?» ስልኩ ተዘጋ።

ሰዉ ንፍሮውን እየዘገነ ተበተነ። ወንጌላዊት እግሯ ሥር ተንበርክካ፣ «እትዬ፣ ገና ጠዋት ነው፤ አውሮፕላኑ ከሰዓት ነው። ተነሽ እንሂድ፤ እዚያ ታለቅሽዋለሽ» አለቻት። የትነበርሽ ጣቶቿን አየች፤ በጥፍሯ ውስጥ የፊቷ ደም አለ። «በዚህ ፊቴ?» አለች። «አንቺ ሂጅ።» ልጅቱ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ «እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ወንጌላዊት «ደመና ነበር፤ ደስ አይልም» አለቻት። ፎቶ አላሳየቻትም።

በዚያ እሑድ ስልኩ አልጮኸም። በሚቀጥለውም። ሰፈሩ «ላንጋኖ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሥራ ቦታም ደረሰ፤ «እትዬ ላንጋኖ፣ ቦቴው መጥቷል፣ ነይ ዋኚ!» ይሏታል፤ አብራ ትስቃለች። እሑዱ ነው ያልተቻላት። የነፍስ አባቷን አስደወለች፤ በላቸው «ይቅር ብያለሁ» አለ እንጂ አልደወለም። ራሷ ስትደውል ሚስቱ ታነሣና «ተኝቷል። ከዚያች ቀን ወዲህ ሆዱን ባመመው ቁጥር እንቅልፍ የለውም» ትላታለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እንዲህ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት በላቸው ሥራ ቦታው ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው አሉ፤ ሆዱ አይደለም። ሐሙስ ነበር። ወሬው ያንኑ ማታ አየለች ጆሮ ደረሰ። አየለች አያ ነጋ ዘንድ ሮጠች።

«ቁሞ የሚሄድ ሰው አንዴ ገድያለሁ» አሉ አያ ነጋ። «ሁለተኛ እኔ አልነግራትም። ደግሞስ ውሸት ቢሆን?»

«ኧረ አያ፣ እውነት ነው!»

«ያኔም እውነት ነው ብለሽኝ ነበር።»

ወንጌላዊት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ነበር። የበላቸው ሚስት መርዶውን ወደ ሰፈሩ ልካ እነሱ ይነግሯታል ብላ ጠበቀች፤ ሰፈሩ እርስ በርሱ ተጠባበቀ። ዓርብ ተቀበረ። ቅዳሜ አለፈ። እሑድ የትነበርሽ እንደ ልማዷ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ምሳዋን ብቻዋን በላች፤ አየለች በአጥሩ ቀዳዳ እያየቻት።

ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ዘበኛ ምናለ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጽናሽ እትዬ። ምነው ዛሬ ሥራ ገባሽ? ልብሽ ጠንካራ ነው» አላት።

«በማን?» አለችው።

ነገራት።

የዚያን ቀን ውሃ ነበር። ቧንቧው እየተንፎለፎለ ይወርዳል። የትነበርሽ ገብታ የተነከረውን አንሶላ እስከ መጨረሻው አለቀለቀችው፤ አስጣችው፤ ከዚያ አስፈቅዳ ወጣች። አዲስ አበባ ሄዳ መቃብሩን አይታ ተመለሰች። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ ሁሉንም በዚያች ዓርብ ጨርሳው ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ በር ላይ፣ «አየሻት፣ ለሐሰቱ ፊቷን ነጭታ ለእውነቱ ደረቅ!» ሲሉ ሰማች። አየለች ናት ያለችው፤ ድምፅዋን ታውቀዋለች።

በዚያው ዓመት ሰኔ በፈቃዷ ቀደም ብላ ጡረታ ወጣች። ቤቱን ለቀበሌ መለሰች። ጥቁሩን ልብስ ምን እንዳደረገችው አይታወቅም፤ ባርኔጣው ግን አልጋው ሥር ተገኘ፤ አየለች ወስዳ ጓሮ ስትሠራ ታደርገዋለች።

የትነበርሽ አሁን ዛሪማ ነች። ከገበያው ወረድ ብሎ የአጎቷ ልጅ የወንዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛለች። ባለፈው ጥቅምት ከዚያ የመጣ ነጋዴ፣ ወንዙ ዳር ልብስ ስታጥብ አየኋት ብሏል።