የታጠበው ጠገራ ብር

ወልድያ በተያዘችባቸው ወራት ባንኩም መብራቱም አልነበረም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤቴ ተጎልቼ እውል ነበር። አሮጌ ሳንቲምና ጠገራ ብር እንደምሰበስብ የሰሙ ሰዎች ከየገጠሩ ያላቸውን ይዘው ይመጡብኛል። የምገዛበት ገንዘብ የለኝም ማለት ራሱ ሰለቸኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ከሐራ በእግራቸው መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ከሻሻቸው ጫፍ ሁለት ጠገራ ብር ፈተው መዳፌ ላይ አኖሩ። አንዱ ጠቁሯል፤ ሌላው ያብረቀርቃል።

«ይሄን ሁለት ቀን ሙሉ በአመድና በሎሚ ፈተግሁት» አሉኝ። «ለዚያኛው ሎሚው አለቀብኝ።»

የሚያብረቀርቀውን ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ቀጫጭን ጭረቶች ፊቱን ሞልተውታል። ብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ጸጉር መሃል መኖር የነበረበት ጥቁረት ታጥቦ ሄዷል። ከአናቷ በላይ ያለው ጠርዝ ደግሞ በሞረድ ተፍቋል።

«እዚህ ጋ ማንጠልጠያ ነበረው?»

«አንገቴ ላይ አደርገው ነበር። ልጄ ነቅሎ ሞረደልኝ። ምነው፣ አበላሸነው?»

«እናቴ፣ ሰብሳቢ የታጠበ አይወድም። የሚበልጠው ጥቁሩ ነው፤ እሱን ለክፉ ቀን ያስቀምጡት።»

«ከዚህ የከፋ ቀን ሊመጣ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ወደ ማሽላ ጆንያዬ ዞር አልኩ። «ያለኝ ማሽላ ብቻ ነው። የታጠበውን ይተዉልኝና አራት ጣሳ ልስፈርልዎት።»

«የታጠበውንማ አልሰጥም፤ የልጅ ልጆቼ ወደውታል። ጥቁሩን ውሰድ።»

ደግሜ አስረዳኋቸው። አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተው ደክሟቸዋል። እኔም ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ማሽላውን ሰፈርኩላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። እጄ ላይ የቀረው እስከዚያ ቀን ካገኘኋቸው ሁሉ ያማረው ብር ነበር። ደስ ግን አላለኝም።

መንገዱ ሲከፈት ብሩን ይዤ ሐራ ገበያ ወረድኩ። ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው። ብሩን ስዘረጋላቸው ሳቁ።

«ያንን የሚያብረቀርቀውን አንድ ነጋዴ በደህና ዋጋ ወሰደልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አዲስ መስሎት ነው መሰለኝ።»

«ይሄስ? የእርስዎ እኮ ነው።»

«ማሽላውን በልተነዋል፣ ልጄ። ምኑን ነው የምትመልስልኝ?»

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሳት ብዙ ቆየሁ። እሳቸውም ሂድ አላሉኝም፤ ሽንኩርታቸውን ይለያሉ። ወደ ማታ ሁለት ኪሎ ከእሳቸው ገዝቼ፣ ብሩን ኪሴ መልሼ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።