ያልለቀቀው እንሶስላ

የዚያን ቀን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የሆጤን ሰፈር ውጦት ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ካፊያው ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሙና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ጭቃ በጭቃ ነበር። በማግስቱ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ስለሆነ እናቷ ከሪማ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርባ፣ የልጇን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታጥብ ጀመር።

ከሪማ ሙሽሮችን እንሶስላ በማሞቅ የታወቀች ናት። ሥሩን ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ያሰረችው እጅና እግር ሲፈታ ፍም ይመስላል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሙናን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። የራሷም ጣቶች ከዓመት እስከ ዓመት ቀይ ናቸው።

የሙና ግራ ተረከዝ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር አየች። ከምስር ፍሬ ትንሽ ትበልጣለች፤ ዳሯ ወጣ ገባ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኢዱ እንሶስላ ነዋ። አልለቅ አለኝ።»

«መች ትፈትጊና ይለቃል! ስንፍናሽ ነው የጠቆረው።»

«ያንቺ ልጅ ሆኜ ተረከዜ ቢነጣ ሰው ያማሻል ብዬ እኮ ነው።»

ተሳሳቁ። ከሪማ በድንጋይ ፈተገችው፤ አልለቀቀም። ጊዜም አልነበራት፤ ሙሽራዋ ትጠብቃታለች። አዲሱን እንሶስላ ላዩ ላይ ለድፋ በቅጠል አሰረችው። ሙና ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሰርጉ አለፈ። ቀለሙ ከሌላው ገላዋ ሁሉ ሲለቅ ከዚያች ቦታ አልለቀቀም። ለመውሊድ ከሪማ ደግማ አሞቀቻት። በጥቅምት ቦታው አብጦ ይደማ ጀመር። ጫማ ነው የላጣት ተባለ፤ ቅባት ተገዛ። ቅባቱ አልሆን ሲል ኩታበር ድረስ ተሄዶ ቅጠል መጣ። እንዲህ ሲባል ጥር ደረሰ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ ፀሐይነሽ ሙና ስታነክስ አዩና በር ላይ ቆሙ።

«አንቺ ከሪማ፣ የጫማ ቁስል እንዲህ ይቆያል? ቅጠልሽን ጣይና ልጅቱን ሐኪም ጋ ውሰጃት። እምቢ ካልሽ እኔ አዝላታለሁ፤ ደግሞ ወገቤን ታውቂዋለሽ!»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ከቁስሉ ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

«እናቴ፣ የቆዳ ካንሰር ነው» አለቻት ቀስ ብላ። «ሜላኖማ ይባላል። እንደ እሷ ባለ ዕድሜ እምብዛም አይታይም። እኛን ጥቁሮችን ሲይዘን ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር ነው የሚወጣው። ጥቁሩን ነገር መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?»

ከሪማ ቀይ ጣቶቿን በሻሿ ውስጥ ደበቀች።

«ቅርብ ጊዜ ነው ዶክተር» አለች ሙና፣ እናቷን ሳታይ።

እግሯ አዲስ አበባ ተቆረጠ። ብሽሽቷ ላይ ንፍፊቱ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ በሽታው ወደ ሳንባዋም ሄዷል ተባለ። ግንቦት ላይ ወደ ቤቷ መለሷት።

አረፋ ሲቃረብ ሙና፣ «እማ፣ እንሶስላ አሙቂኝ» አለች።

ከሪማ ብርድ ልብሷን አስተካከለችላት።

«ምን አስቸገረሽ? አሁንማ አንድ እግር ቀንሼልሻለሁ።»

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች ከሪማ። «እያየሁ በእጄ ሸፈንኩት። ሐኪሟ ስትጠይቅም አንቺ ዋሸሽልኝ።»

«እኔስ አላየሁትም? የኔ እግር አይደለም እንዴ?» ሙና ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች። «አብሽሪ እማ። ይልቅ እጄን አሙቂኝ፤ ጥፍሬ ገርጥቷል።»

አሞቀቻት። እግሯን ግን መንካት አልቻለችም፤ ሙናም አልጠየቀቻትም።

ለአረፋ ስድስት ቀን ሲቀረው ሙና ሞተች። ሴቶቹ ገላዋን ሲያጥቡ እጆቿ ገና እንደ ፍም ነበሩ። ከሪማ ውሃውን ታቀብል ነበር። ያ ቀለም እንዳይለቅ ፈልጋ እንደሆነ ወይም እንዲለቅ፣ እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ሆጤ ውስጥ ያ ሳፋ ያለበት ቤት አላስቀምጣት ሲል ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ሙሽሮች እዚያም አላጧትም። እጃቸውን ታሞቅላቸዋለች። እግር ሲዘረጉላት ታጥባለች፤ ተረከዙን ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች፤ በየጣቱ መሃል ትፈልጋለች። ከዚያ አድርቃ፣ «ለእግሩ ሌላ ሰው ፈልጉ» ትላለች። ኩራት የሚመስላቸው አሉ። እሷም ምክንያቱን አትናገርም።

ከሪማ አሁን ኮምቦልቻ፣ ታናሽ እህቷ ሳፊያ ቤት ትኖራለች።