የበራውን ለማጥፋት መፍራት

ሦስተኛው ቅጂም አልነሳ አለ።

ዛሬ ፓራዲዞ ሰፈር ባለ ክሊኒክ ውስጥ፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚከታተለውን ትንሽ ኮምፒውተር ሚሞሪ ካርድ ወደ አዲስ ካርድ እየገለበጥኩ ነበር። ዋናው ካርድ አርጅቷል። ምትክ ሳናገኝለት ከሞተ፣ ክትባቱ ሲበላሽ የሚነግረን የለም።

"ቅጂው የሚበላሸው እየሠራ፣ እየመዘገበ ስለምገለብጠው ነው። መጥፋት አለበት" አልኳት ነርሷን።

"ኣይፋል ሓወይ፣ አይሆንም ወንድሜ። እዚህ ቤት የበራ ነገር አይጠፋም። ተመልሶ ካልተነሳስ፣ አንተ እዚህ ቆመህ ትለካልኛለህ?"

ፍርሃቷ የእኔም ነው። (ቢጠፋ አይመለስም እያልኩ የቤቴን ሬዲዮ ከፋሲካ ወዲህ አላጠፋሁትም።)

በመጨረሻ ራሷ አጠፋችው። እስክገለብጥ ድረስ ቴርሞሜትር ይዛ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመች።

አራተኛው ቅጂ ተነሳ።

እናንተስ? እንዳይጠፋ ስትሳሱለት የተበላሸባችሁ ነገር አለ?