ደምሴ ያስቀመጠው የጀብሪል መፍቻ

ከወልድያ መናኸሪያ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች የባጃጅ ጋራዥ ነበረች። ደምሴ፣ ጀብሪልና ፈንታው በማኅበር ተደራጅተው የከፈቷት ናት። የጋራ ትባል እንጂ መጀመሪያ ላይ ሦስቱም የሚሠሩት የየራሳቸውን የመፍቻ ሣጥን ቆልፈው ነበር። ጀብሪል መፍቻ ቢጎድለው ፈንታው «የኔም ቤት ቀርቷል» ይለዋል፤ መፍቻው ግን ፈንታው ራሱ የተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ነው። ደንበኛው ቆሞ አይቶ ይስቅና ባጃጁን እየገፋ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።

ሙያውን ያስተማሯቸው ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ አስፋው አንድ ቀን መጥተው ሣጥኖቹን አዟዟሩባቸው። የጀብሪልን ለደምሴ፣ የፈንታውን ለጀብሪል፣ የደምሴን ለፈንታው አስያዙ። ከዚያ ወዲያ ሰው የገዛ መፍቻውን ለማንሣት እንኳ ጓደኛውን መጠየቅ ግድ ሆነበት። የመጀመሪያ ሰሞን ተኮራረፉ። እየዋለ እያደረ ግን መጠያየቁ ጨዋታ አመጣ፤ ጨዋታውም ምሳ በአንድ ትሪ መብላትን አመጣ። ደንበኛውም ተመለሰ።

እንዲህ ሥራው በሞቀበት ጊዜ ጦርነቱ ደረሰ። በ2013 ነሐሴ ወልድያ ስትያዝ ሁሉም በእጁ ያለውን ይዞ ተበተነ። ጀብሪል የፈንታውን ሣጥን ተሸክሞ እናቱ ወዳለችበት ወደ ግራና ወረደ። ፈንታው የደምሴን ይዞ ወደ ደሴ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተንጠላጠለ። ደምሴ ግን ጋሽ አስፋው ታመው ነበርና ጥሏቸው መሄድ አልሆነለትም። መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ወራት አረፉ። ከጥቂት ጎረቤት ጋር ቀብሯቸው ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ በከተማው የሚያዋራው ሰው አልነበረውም ማለት ይቻላል። ስልክ የለ፣ መብራት የለ። ጠዋት ጠዋት ወደ ተዘጋችው ጋራዥ ሄዶ ደጃፏ ላይ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይመለሳል።

ጎረቤቱ ወይዘሮ ውባለም ውኃ የሚያመላልሱበት ጋሪ ጎማው ወልቆባቸው እንዲያስርላቸው ለመኑት። መፍቻ የለኝም አላቸው። ከጋራዧ አምጥቶ ከአልጋው ሥር ያስቀመጠውን ሣጥን ያውቁ ነበርና ያ ምንድን ነው አሉት። የጀብሪል መሆኑን ነገራቸው።

«ጀብሪል የት እንዳለ አታውቅ» አሉት። «ብረቱም ከሰው ጋር ይጾማል እንዴ?»

ደምሴ ፈገግ አለ። ጀሪካናቸውን በትከሻው ተሸክሞ አመጣላቸው እንጂ ሣጥኑን አልከፈተም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ሽፈራው የሚባል ሹፌር ወሬ ይዞ መጣ። ፈንታው ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ዘልቆ ኖሯል፤ እዚያ አይቶታል፤ መንገድ ዳር ባጃጅ ሲፈታ ይውላል፤ ደህና ደህና መፍቻም አለው። ደምሴ በኋላ ለወይዘሮ ውባለም፣ እኔ የሰው ሳልነካ እሱ በኔ መፍቻ እየሠራ ከረመ ብሎ አማው።

ጥቂት ቆይቶ ጀብሪል ከግራና መጣ። ሰላምታው ሳያልቅ ደምሴ ሣጥኑን አውጥቶ ከፈተለት። መፍቻዎቹ ግሪስ ተቀብተው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

«አንድም አልተነካ» አለው።

ጀብሪል ሣጥኑን ትቶ የደምሴን የከሳ ፊት አየ። «ምን በልተህ ከረምክ?»

«እንዳገኘሁ።»

«እኔ በፈንታው መፍቻ የግራናን የውኃ ሞተር ሁሉ ስፈታ ነው የከረምኩት። አንዱን እንዲያውም ሰብሬዋለሁ። ይቆጣል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም፣ ወላሂ።»

«አንተ አልነበርክማ። ማንን ልጠይቅ?»

«እሺ እንደምልህ አታውቅም ነበር?»

አደራ ጠበቅሁ ሲል የከረመው ደምሴ ለካ እሺ አይለኝም ብሎ ጀብሪልን ተጠራጥሮት ነበር። እሱ ሲያማው የሰነበተው ፈንታው ደግሞ ደምሴን አንድም ቀን አልተጠራጠረውም።

ጀብሪል አላደረም። እናቱ ብቻዋን ነበረች፤ የግራና ገበሬም ሞተሩን ይዞ ይጠብቀዋል። ሣጥኑን ለደምሴ ትቶለት ሄደ፤ ወደ ጋራዧ ግን እመለሳለሁ አላለም፤ ደምሴም አልጠየቀውም።

በማግሥቱ ደምሴ ሽፈራውን መናኸሪያ አገኘውና «ፈንታውን፣ ደምሴ በመፍቻዬ ሥራበት ብሎሃል በለው» አለ። ሽፈራው ሌላ መልእክት እንዳለ ጠየቀው።

«ሲመቸው ይምጣ። እኔ አለሁ በለው።»

መኪናው ከተነሣ በኋላ ሄዶ የጋራዧን በር ከፈተ፤ የጀብሪልን መፍቻዎችም መሬት ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ያን ቀን አንድም ባጃጅ አልመጣም። በሩን ግን እስኪመሽ አልዘጋውም።