ጭድ የበላው ሞተር

አየር ኃይል ውስጥ በመካኒክነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሃምሳ አለቃ ተሰማ አንድ የተፈታ አሮጌ የጄት ሞተር ፊት አቆሙኝ። አየር የሚጨምቅለት እንደ ጎማ ክብ የሆነ አንድ ወፍራም ብረት ነው። "ይኼ ድንጋይ ቢውጥም አያመው" አሉ። ቀጥለው አዲሱን አሳዩኝ፤ መጭመቂያው በረድፍ የተደረደሩ ብሌዶች፣ እንደ ምላጭ የሳሱ ትንንሽ የብረት ክንፎች ናቸው። "ይኼኛው ቅምጥል ነው። ጉልበት አለው፣ ሆድ ግን የለውም።"

እኔ ለቅምጥሉ ተመደብኩ። የተገጠመው ሄሊኮፕተር ላይ ሲሆን ግፊቱ ከላይ ያለውን ትልቅ ክንፍ ያሽከረክራል።

አንድ ቀን አንድ የደርግ ባለሥልጣን ይዘን አንኮበር ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ እንግዳው ጭቃ እንዳይረግጡ ብለው ሜዳውን የገብስ ጭድ አልብሰው ጠበቁን። ገና ስንወርድ ጭዱ ተነሣና ሜዳውም ሰዉም ጠፋ። መሬት እንደነካን ሞተሩ ሁለቴ ጓ! ጓ! ብሎ ቆመ።

ባለሥልጣኑ ጢማቸው ጭድ ለብሶ ወጡ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ ሳቀ።

"ይኼ አሻጥር ነው! ሊቀመንበሩን ያዙት!" ብለው ጮኹ ባለሥልጣኑ።

"ኧረ ጌታዬ… ጓድ ማለቴ ነው፣ የከብቶቼን ቀለብ እኮ ነው ያነጠፍኩልዎት!" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ያን ጊዜ አሻጥር የሚባል ቃል ቀልድ አያውቅም። ባለሥልጣኑ ወደ እኔ ዞሩ፦ "ሞተሩ ተጎድቶ ከሆነ ሰውዬው ከእኛ ጋር ይሄዳል። እይና ንገረኝ።"

ሽፋኑን ከፍቼ በባትሪና በትንሽ መስታወት እያየሁ ብሌዶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ጭዱ መግቢያው ላይ ተጠቅጥቆ አየር ከለከለ እንጂ የጎዳው ነገር የለም። ልጨርስ ስል አንዱ ብሌድ ጣቴን ቧጠጠኝ። ጫፉ ተሸርፏል። ሥሩ የተሰነቀረችው ቁራጭ ሽቦ ብሎን እንዳይላላ የምናስርባት ዓይነት ናት። ጠዋት ያሰርኩት እኔ፣ በፒንሳ ቆርጬ ትርፉን ያላነሣሁትም እኔ።

ፈራሁ። ሽቦዋን ኪሴ ከትቼ "ጭዱ ነው" ብል ማንም አያውቅብኝም። ጋሽ ወልዴ በታጣቂዎች መሃል ቆመው "ልጄ፣ ሞተሩ ተረፈልህ?" አሉኝ። ስለ ራሳቸው እኮ አይደለም፣ ስለ ሞተሩ! በጣም አፈርኩ።

"ጓድ፣ ጭዱ ምንም አላደረገም። ብሌዱን የሸረፈው እኔ ረስቼ የተውኩት ሽቦ ነው።"

ጋሽ ወልዴ ተለቀቁ። እኔ ታሰርኩ፣ ማዕረጌም ዝቅ አለ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁባቸው የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ፊት ለፊት ትልቅ ማራገቢያ አለው። አብዛኛው አየር በጎን ያልፋል፤ ከገባው ቆሻሻም ብዙው አብሮት ይወጣል። ሞተሩ ጥፋት መቻል ተምሯል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር ያለበት ግን አሁንም መካኒኩ ነው።